በሸምሱ ልክ የተደረደረ

ሸምሱ ሞተ ብለው ከአዲስ አበባ ሲደውሉልኝ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው «ስንት ኪሎ ሆኖ?» የሚል ጥያቄ ነው። የደወለው ታላቅ ልጁ ነበር። ሱቁ ውስጥ የነበሩት ጎረቤት ነጋዴዎች «አስተግፊሩላህ! ከድር፣ ጤና የለህም እንዴ?» ብለው ስልኩን ከእጄ ነጠቁና በእኔ ፈንታ «አላህ ይርሐመው፣ ሶብሩን ይስጣችሁ» አሉት። ይርሐመው፤ ማን ከለከለ። ጥያቄዬ ግን የምሬን ነበር። ይህ ሰውዬ የእኔን ኪሎ ለጁባ ገበያ ሁሉ ሲለፍፍ ኖሮ የራሱን ሳይናገር ነው የሄደው።

የማይረሳ ሰው ሲባል ሁሉም ደግ ሰው ይመስለዋል። አስተማሪ ይነሳል፣ ምስኪን ጎረቤት ይነሳል። እኔ የማልረሳው ሸምሱን ነው፤ የማልረሳውም ስለጠላሁት ነው። ከፈለጋችሁ እዚሁ ላይ አቁሙ።

ሸሪኬ ነበር። ደቡብ ሱዳን፣ ጁባ ታውን ውስጥ ስኳር፣ ዱቄትና ሩዝ በጅምላ የምንሸጥበት አንድ መጋዘን ነበረን። በዕድሜ ይበልጠኛል፤ መርካቶ አብረን ስንሠራ ጀምሮ ጋሼ ነበር የምለው። ረጅም፣ ቀጭን፣ መፋቂያ ከአፉ ጥግ የማይጠፋ ሰው። ሲስቅ ድምፅ የለውም፣ ትከሻው ብቻ ይነቀነቃል። እሷን ትከሻ ሳያት ደሜ ይፈላ ነበር። ወሬ አያውቅም። ገበያ ቢወድቅ፣ መኪናችን ድንበር ላይ ቢያዝ፣ ደንበኛ እግሩ ላይ ወድቆ ቢለምነው መልሱ «ይቆይ» ነው። እኔ ደግሞ መቆየት የማልችል ሰው ነኝ። ዕቃ ከገባ ዛሬውኑ ሸጬ መገላገል ነው የምፈልገው።

እኔ ወፍራም ነኝ። ጁባ ከገባሁበት ቀን ጀምሮ የገበያው ጫኝና አውራጆች «ያ ሰሚን!» እያሉ ነው የሚጠሩኝ፤ አንተ ወፍራሙ ማለታቸው ነው። በእኛ በነጋዴዎቹ ዘንድ ይሄ ስድብ አልነበረም። ሆዱ ያልወጣ የጅምላ ነጋዴ ማን ነጋዴ ይለዋል? ሸምሱን ያየ ደንበኛ ሁሉ ባለቤቱ እኔ፣ ተቀጣሪው እሱ ይመስለው ነበር። ይህም ደስ ይለኝ ነበር፤ ምን እዋሻለሁ።

መጋዘን የሠራ ያውቃል፤ ጆንያ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አይደረደርም። በዝናብ ጊዜ ግድግዳው ይረጥባል፣ ስኳሩ እርጥበት ይስባል፣ አይጥም ከኋላው ትወልዳለች። ስለዚህ ሰው በጎኑ ሊያልፍበት የሚችል ክፍተት ይተዋል። ሌላው ነጋዴ በእንጨት ይለካዋል። ሸምሱ የሚለካው በራሱ ነበር። አዲስ ጭነት በገባ ቁጥር የድሮው ድርድር ፈርሶ ሁሉም እንደገና ይደረደራል። እሱ ጀርባውን ለግድግዳው ይሰጥና «በሉ፣ እኔን አስቀርታችሁ ደርድሩ» ይላል። ጫኞቹ ልጆች ደረቱን ሊነኩት ትንሽ ሲቀራቸው፣ ከወለሉ እስከ ጣሪያው ድረስ ይደረድሩበታል። ሲጨርሱ በጎኑ እየተንሸራተተ ዱቄት ለብሶ ይወጣል። የጫኞቹ አለቃ ኦጁሉ የዚሁ አገር ሰው ነው፤ ግን ጋምቤላ የስደተኛ ካምፕ ውስጥ ስላደገ አማርኛው ከእኔ አማርኛ ይጥማል። «ሸምሱን በቁሙ ቀበርነው!» እያለ ሁልጊዜ ይስቅ ነበር።

በፈረንጆቹ 2013፣ ዲሴምበር ላይ፣ ተኩስ ተጀመረ። መሣሪያ የያዙ ሰዎች ገበያ ገብተው ሱቅ መስበር ሲጀምሩ ረፋድ ላይ ነበር። ሸምሱና እኔ ከሁለት ጎረቤት ነጋዴዎች ጋር መጋዘኑን ከውስጥ ዘግተን ተቀምጠናል። ሁለት ሱቅ አልፎ ያለው በር ሲሰበር ሰማን። ሸምሱ ምንም ሳይል ተነስቶ ከድርድሩ ኋላ ገባ። ጎረቤቶቻችን ተከተሉት። እኔ የመጨረሻው ነበርኩ። በጎኔ ገባሁ፤ ትከሻዬ አለፈ፣ ሆዴ ያዘኝ። ወደፊት አይል፣ ወደኋላ አይል።

«ውጣ!» አለኝ ሸምሱ ከውስጥ።

«ጋሼ፣ በአላህ፣ ጆንያውን ትንሽ ግፋልኝ!»

«ከጣሪያ የደረሰ ድርድር ማን ይገፋልሃል? ግማሽህ ውስጥ፣ ግማሽህ ውጭ፤ አንተን ሲያዩ እኛን ሊያገኙን አይደል? ውጣ!»

እንዲህ ብሎ እግሩን አነሳና ሆዴን ገፋኝ። በእግሩ! ሙስሊም ወንድሜ፣ የአገሬ ሰው፣ ጋሼ ስለው የኖርኩት ሰው፣ እንደ ከረጢት በእግሩ ገፍቶ አስወጣኝ።

ሚዛኑ አጠገብ ባዶ ጆንያ ተከምሮ ነበር። ከሥሩ ገብቼ ተኛሁ። በሩ ተሰበረ፤ ገቡ፤ ከፊት ያለውን ዘይትና ስኳር መጫን ጀመሩ። አንደኛው ደክሞት ነው መሰለኝ መጥቶ ክምሩ ላይ ቁጭ አለ። ክምሩ እኔ ነኝ። ሲጋራ ለኮሰ። ሲጋራውን እስኪጨርስ ድረስ ከነመሣሪያው ጀርባዬ ላይ ተቀምጦ፣ እኔ ትንፋሼን በአፍንጫዬ ጫፍ እየሰረቅኩ፣ የማውቃትን ዱዓ ሁሉ ጨርሼ እንደገና ጀመርኩ። ከዚያ ጓደኞቹ ጠሩትና ሄደ።

ሸምሱ ከኋላ ወጥቶ ዱቄቱን ከትከሻው አራገፈ። አየኝና «ተረፍክ?» አለኝ። ይቅርታ የለ፣ አልሐምዱሊላህ የለ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ጋሼነቱን አነሳሁበት። በፊቱም ከጀርባውም ሸምሱ ብቻ ሆነ። እሱም ያስተዋለው አይመስልም።

ጎረቤቶቻችን አገራቸው ሄዱ። እኛ ከመጋዘኑ ጋር ቀረን፤ ያለን ሁሉ እዚያ ነበርና። ተኩሱ ዞሮ እንደሚመጣ ጁባ ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቃል። እኔ ከዚያ በኋላ የምፈልገው ነገር አንድ ብቻ ሆነ። በሚቀጥለው ጊዜ ያ ክፍተት ውስጥ መግባት አለብኝ። እዚያ ጆንያ ሥር ሁለተኛ አልተኛም።

ሻይ ያለ ስኳር መጠጣት ጀመርኩ፤ የስኳር ነጋዴ! ሩዝ ተውኩ፣ ለስላሳ ተውኩ፣ የማታ ምግቤን ተውኩ። ከሱብሒ ሰላት በኋላ ማላኪያ ሰፈር ካለችው ቤታችን ተነስቼ በረጃፍ መንገድ መራመድ ያዝኩ። ለማንም አልተናገርኩም። አንድ ቀን ጠዋት ቀና ብል ሸምሱ አንድ ዱላ ይዞ ከፊቴ ይሄዳል። ና ያለው የለም። ከዚያ በኋላ ቀርቶም አያውቅ። ኬላው ጋ ስንደርስ ወታደሩ «ኢታ ጊ ሩዋ ዌን?» ብሎ ወዴት እንደምንሄድ ይጠይቃል። ሸምሱ በዱላው ሆዴን ያሳይና «ይቺን ልናራግፍ» ይለዋል በዐረብኛ። ወታደሮቹ በሳቅ ይፈርሳሉ። በየቀኑ ያችኑ ቀልድ፣ በየቀኑ ያንኑ ሳቅ! እሱም ሻዩን ያለ ስኳር መጠጣት ሲጀምር ግልጽ ሆነልኝ፤ ሰውዬው እኔን ለማብሸቅ ሥራ ፈትቷል አልኩ።

ዓርብ ዓርብ፣ ጁምዓ ከመሄዴ በፊት፣ የጆንያው ሚዛን ላይ እወጣለሁ። መርፌዋ ሄዳ ሄዳ እዚያችው ባለፈው ዓርብ የቆመችበት ትቆማለች። ጫማዬን አውልቄ እሞክራለሁ። ስልኬን፣ ቁልፌን፣ ኮፍያዬን ሳይቀር አስቀምጬ እሞክራለሁ። ያው ነው። ሸምሱ በር ላይ ቆሞ «ያው ነው!» ብሎ ለመንገዱ ይጮኻል። ከማዶ ያለው የጨርቅ ነጋዴ «ዛሬም?» ይለዋል። «ዛሬም!» ከዚያ ወደኔ ዞሮ «ውረድ። ይሄ ለጆንያ የተገዛ ዕቃ ነው» ይለኛል።

ከጫኞቹ ብዙዎቹ በጦርነቱ ተበትነው ስለነበር የሰው እጥረት ነበረብን። «ሚዛን ላይ ከምትጎለት ተሸከም» አለኝ አንድ ቀን። በንዴት ጆንያ አነሳሁ። ልደበድበው ስላልቻልኩ ጆንያ ተሸከምኩ፤ እንደዚያ ነው የሆነው። መኪና በመጣ ቁጥር ከኦጁሉና ከልጆቹ ጋር መሸከም ሥራዬ ሆነ። መጀመሪያ ወገቤ ሊቆረጥ ደረሰ፤ እየቆየ ለመድኩት። ትከሻዬ ጠነከረ፣ ጭኔ ድንጋይ ሆነ። ሚዛኑ ግን አሁንም ያው!

ኦጁሉ «ሰውዬ፣ ሱሪህን በገመድ ነው እንዴ የምታስረው?» ብሎኝ ነበር። ላስቲኩ አልቆ ነው አልኩት። ሚዛኑ ያው ነው እያለኝ ኦጁሉን ላምን ነው? ደግሞ ሚዛኑ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ጭነት ገብቶ ሸምሱ ቆሞ ካስደረደረ በኋላ ማንም በሌለበት ክፍተቱን እሞክራለሁ። ትከሻዬ ያልፋል፣ ሆዴ ይያዛል። በሚቀጥለው ጭነት እሞክራለሁ፤ እዚያው ጋ ይይዘኛል። ስወጣ ሸምሱ መፋቂያውን እያኘከ ቆሞ ሲያየኝ አገኘዋለሁ። «ይቆይ» ይለኛል። ትከሻው ይነቀነቃል።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ በቃኝ። ለማን ብዬ ነው አልኩ። ማላኪያ ወደምትገኝ የአገራችን ሰው ምግብ ቤት ሄድኩና ጥብስ በትሪ፣ ሩዝ በትሪ፣ ሁለት ለስላሳ አዘዝኩ። ገና ሁለት ጉርሻ ሳልውጥ ሸምሱ መጥቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ማን እንደነገረው አላውቅም። ዓይኔ እንባ ሞላ። ከንዴት ነው፣ ከሌላ አይደለም።

«አንተ ምን አለብህ!» አልኩት። «እኔ እየተራብኩ አንድ ኪሎ አልወርድም፤ አንተ ሳትለፋ ትከሳለህ። እየው እስቲ አንገትህን! አላህ ለማይፈልገው ይሰጣል!»

መፋቂያውን ከአፉ አወጣ። አንገቱን ዳሰስ አደረገ። ከዚያ ትሪዬን አነሳና አጠገባችን ለተቀመጡ ሾፌሮች ሰጣቸው። ጥብሴን! «ተፈዱል፣ የሱ ግብዣ ነው» አላቸው።

«ክዳኑን በየደቂቃው እየከፈትክ ሩዙ አልበስልም አለ ትላለህ» አለኝ። «ሚዛኑን ተወው። ቢያንስ ፊትህን አታሳየው። ይቆይ።»

«ይቆይ ይቆይ! እስከ መቼ? እስኪገድሉኝ?»

«ጠዋት እንዳትቀር» አለኝና ዱላውን ተደግፎ ሄደ። ሾፌሮቹ ሥጋዬን እየበሉ አመሰገኑኝ። በማግስቱ ከቤት የወጣሁት ዱላውን ቀምቼ ወንዝ ልጥለው አስቤ ነበር። አልጣልኩትም፤ ግን ተራመድን። እኔ አሁን ከፊት እሄዳለሁ፣ እሱ ወደኋላ ይቀራል። አረጀ አልኩ። እንደውም ደስ አለኝ።

በፈረንጆቹ 2015 ክረምት፣ ከሰዓት በኋላ ነው። ዝናብ አባርቶ ገበያው ጭቃ ሆኗል። ትናንትናውኑ መኪና ገብቶ፣ ሸምሱ ቆሞበት፣ መጋዘኑ ከጣሪያ ሞልቷል። እኔ ዱቄት እቆጣጠራለሁ፣ እሱ ሚዛኑ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ድንገት ከመንገዱ ማዶ ተኩስ ተከፈተ። ሰው እየጮኸ መሮጥ ጀመረ። «ሐራሚያ! ሐራሚያ!» ይላሉ፤ ሌቦች ማለት ነው። ዘለልኩና የብረቱን በር ዘጋሁ፣ ቀረቀርኩ። በሩ ላይ አንድ ነገር መጥቶ ጓ! አለ። ከዚያ በኋላ ያሰብኩት ነገር የለም። እግሬ ራሱ ወደ ድርድሩ ኋላ ወሰደኝ። ትንፋሼን አስወጣሁ፣ በጎኔ ገባሁ። ትከሻዬ አለፈ። ሆዴ አለፈ። ጆንያው ሸሚዜን ከፊት፣ ግድግዳው ከኋላ ፈተገኝ እንጂ የያዘኝ ነገር የለም። መሐል ደርሼ ነው ገብቻለሁ ያልኩት።

ዞር ስል ሸምሱ ክፍተቱ አፍ ላይ ቆሟል። አይገባም። በዱላው ተደግፎ ያየኛል፤ ያቺ ትከሻ ትነቀነቃለች። ውጭ ሰው እየተገደለ እሱ ይስቃል!

«ና ግባ፣ ጋሼ!» አልኩት። ከአፌ አመለጠኝ።

«ቆይ፣ ልይህ» አለ።

በሩ እንደገና ጓ! ሲል ወደሱ ተንሸራትቼ ክንዴን ዘርግቼ ኮሌታውን ያዝኩና ጎተትኩት። ያን ያህል ኃይል አያስፈልግም ነበር። የሰው ክብደት ይኖረዋል ብዬ ነበር የሳብኩት። እንደ ባዶ ጆንያ መጣ። ጎኑን ጎኔ ላይ ለጥፎ ቆመ። በሸሚዙ ውስጥ የጎድን አጥንቶቹን አንድ በአንድ ልቆጥራቸው እችል ነበር። ክንዱን ስይዘው ጣቶቼ ገጠሙ።

«ምን ሆነህ ነው?» አልኩት በሹክሹክታ።

«ስኳር ነው። የሚቀልጠው ሳይሆን የሚያቀልጠው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከቆየ። ሐኪሙ ተራመድ አለኝ፤ ብቻዬን ደበረኝ። አንተ ስትሄድ አየሁ፣ ተከተልኩ።»

የማስበው ስለ ክፍተቱ ነበር። ጭነት በገባ ቁጥር ሸምሱ ግድግዳው ጋ ቆሞ ነው የሚደረደረው። ሸምሱ ከከሳ ደግሞ ክፍተቱ ይጠባል። በሱ ልክ ነዋ! እኔ እየተራብኩ ስጠብ፣ እሱ እየታመመ ያጠብብኝ ነበር። ለዚህ ነው ሁልጊዜ እዚያው ጋ የሚይዘኝ። የዲሴምበሩን ክፍተት ካለፍኩት ስንት ጊዜ ሆኖኛል፣ አላወቅሁም እንጂ።

«ታውቅ ነበር?» አልኩት ጆሮው ላይ። «እየጠበበ መሆኑን ታውቅ ነበር?»

«አዎ።»

«አንተ ከሃዲ! እኔ እኮ አበድኩ! ለምን አልነገርከኝም?»

«አልፈኸዋል ብልህ በዚያው ቀን ጥብስ ትበላ ነበር» አለ።

ልነክሰው ፈለግሁ፤ ወላሂ፣ ጆሮው አፌ ላይ ነበር። ውጭ የነበሩት ሰዎች በሩን አንድ ሁለቴ ደብድበው ወደ ሌላው ሱቅ አለፉ። እኛ ግን አልወጣንም። ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወር የቀረውን ጥያቄ አወጣሁት።

«ያን ቀን ለምን በእግርህ ገፋኸኝ?»

«ስለማትገባ።»

«ዛሬ ቢሆንስ?»

«ዛሬማ ገብተሃል» አለኝ። ይኸው ነው። ይቅርታ ቢለኝ ምን ነበረበት? ማንም አይሰማ፣ ግድግዳና ጆንያ መሐል ነን። አላለም። እንደውም ትንሽ ቆይቶ ትከሻው ትከሻዬ ላይ መነቅነቅ ጀመረ። «ሚዛኑ ምን ይላል?» አለኝ።

«ዝም በል» አልኩት። እሱን ላቅፈው አልነበረም፤ እግሩ ስለተንቀጠቀጠ እንዳይወድቅ በክንዴ ይዤው ቆምኩ። የመንገዱ ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ እንዲያ ቆየን።

ከዚያ ብዙም አልቆየ፣ የራሱ ልጆች አዲስ አበባ ወሰዱት። አውሮፕላን ማረፊያ የሸኘሁት እኔ ነኝ። እጄን ጨበጠኝ፣ ሆዴን በዱላው ነካ አደረገና ገባ። ዱላውንም ቢሆን አልሰጠኝም።

አልማርኩትም። ሰዎች ሞቷል እኮ፣ ይቅር በለው ይሉኛል። በእግሩ የገፋው የእነሱን ሆድ አይደለም። ዓርብ ዓርብ አሁንም ሚዛኑ ላይ እወጣለሁ፤ ያ ከሃዲ ሚዛን አሁንም ያንኑ ነው የሚለው። «ውረድ» የሚለኝ ስለሌለ ሲሰለቸኝ በራሴ እወርዳለሁ።

የሞቱ ወሬ በመጣ ሳምንት መኪና ገባ። ኦጁሉና ልጆቹ ጆንያ አውርደው ሲያበቁ ግድግዳውን አይተው ቆሙ። ኦጁሉ ላቡን ጠረገና «በማን ልክ እንደርድር?» አለኝ።

ሄጄ ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጠሁ። የመጀመሪያዎቹን ጆንያዎች አምጥተው ሆዴ ጋ ሊያስጠጉ ሲሉ «ራቅ አድርጉ» አልኳቸው።

ራቅ አደረጉ።

«አሁንም ራቅ።»

«ኧረ ከድር፣ ቦታ ማባከን ነው!» አለ ኦጁሉ። «አንተ እንደሆን ገብተሃል። በዚህማ ዝሆን ይገባበታል!»

«ይግባ!» አልኩት።